የዕድር ማስታወቂያ ለሰው እንዲገባ እንዴት ልጻፍ?

ጥያቄ (ከአዘዞ፣ ጎንደር)

ጤና ይስጥልኝ። በቅርቡ የሰፈራችን ዕድር ጸሐፊ ሆኜ ተመርጫለሁ። ማስታወቂያውን እኔ እጽፋለሁ፤ ጥሩምባ ነፊው በየመንደሩ እየዞረ ያነበዋል፣ በቴሌግራምም ይለጠፋል። ችግሩ፣ ሰው ከሰማው በኋላ «ታዲያ ምን አድርጉ ነው የምትሉን?» እያለ ይደውላል። ከጥምቀት በኋላ ላለው ስብሰባ ያዘጋጀሁት ይኸውላችሁ፦

«የዕድራችን አባላቶች በሙሉ በ17 በሚደረገው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ያለባችሁን ውዝፍ መዋጮ ከፍላችሁ ደረሰኝ ይዛችሁ እንድትገኙና የማይገኝ አባል ላይ በደንቡ መሠረት እርምጃ የሚወሰድ መሆኑን በማወቅ በሰዓቱ እንድትገኙ ሆኖ ስለ ድንኳንና ወንበር ግዢ ውይይት የሚካሄድ መሆኑን በጥብቅ እናሳስባለን።»

ምኑን ላስተካክል?

መልስ (ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር)

ልጄ፣ እንኳን ጠየቅህ። አማርኛ ዋናውን ግሥ መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። ዓረፍተ ነገሩ በረዘመ ቁጥር ሰሚው ማን ምን እንደሚያደርግ ሳይጨብጥ ይቆያል። እስቲ ግሦችህን ተመልከት፦ ከፍላችሁ፣ ይዛችሁ፣ እንድትገኙ፣ የሚወሰድ፣ በማወቅ፣ ሆኖ፣ የሚካሄድ፣ እናሳስባለን። ይህ ሁሉ የሚያርፈው አንድ አራት ነጥብ ላይ ነው። «ሆኖ» እና «መሆኑን» ባየህ ቁጥር እዚያ ላይ ቁረጥ።

ደዋዮቹ እውነት አላቸው። ገንዘቡ የሚከፈለው ከስብሰባው በፊት ነው ወይስ እዚያው? ሰዓቱ ስንት ነው? ቦታውስ? «እርምጃ» ማለት ቅጣት ነው ወይስ ከዕድር መሰረዝ? እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈዋለሁ፦

«የተከበራችሁ የዕድራችን አባላት፣ እሁድ ጥር 17 ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት በዕድሩ አዳራሽ ጠቅላላ ስብሰባ አለን። የምንነጋገረው ስለ ድንኳንና ወንበር ግዢ ነው። ውዝፍ ያለባችሁ እስከ ዓርብ ለገንዘብ ያዡ ክፈሉ። ደረሰኛችሁን ይዛችሁ ኑ። ያለ በቂ ምክንያት የቀረ አባል 50 ብር ይቀጣል።»

ቀኑን፣ ቦታውንና ብሩን በእናንተው ደንብ ተካው። «በጥብቅ እናሳስባለን» ይቅር። «የተከበራችሁ» ግን አይቅር፤ ለሽማግሌና ለባልቴት የሚነበብ ነገር ያለ አክብሮት ሲጀመር ጆሮ ይጎዳል።

መልስ (በጽሕፈት ሥራ ላይ ያለች)

ጋሼ ዋናውን ብለውታል። ጥቂት ልጨምር።

«አባላቶች» አይባልም። «አባላት» ራሱ ብዙ ነው። «መምህራኖች»፣ «ካህናቶች» የሚሉትም እንደዚያው ናቸው። «አባሎች» ካልክ ግን ችግር የለውም።

ሌላው፣ «የማይገኝ አባል» ብለህ ስለ አንድ ሰው ጀምረህ ወዲያው «እንድትገኙ» ትላለህ። በ«እናንተ» ከጀመርክ በ«እናንተ» ጨርስ። ስለ አንድ አባል ማውራት ካስፈለገህ ዓረፍተ ነገሩን ለይለት።

ፊደሉ ላይ ብዙ አትጨነቅ። ሀ፣ ሐ፣ ኀ ዛሬ በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ነው፤ ሰ እና ሠም፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ። አንዱን መዝገበ ቃላት ያዝና እሱን ተከተል። እኔን የሚያናድደኝ አንዱ መስመር ላይ «ዓመት»፣ ሌላው ላይ «አመት» ሲጻፍ ነው።

መልስ (ከማራኪ)

ወንድሜ፣ ጥሩምባ ነፊው ከማንበቡ በፊት አንተ ራስህ ጮክ ብለህ አንብበው። ትንፋሽ ያጠረህ ቦታ ላይ አራት ነጥብ ይገባል። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አያሳይም። «ሰብሳቢው ይሰማል» ብትል፣ ሰው ያዳምጣል ወይስ እሱ ይደመጣል? «ሰብሳቢው የአባላትን ሐሳብ ያዳምጣል» ብለህ ገላግለን። ውጭ አገር ያሉ አባላት በቴሌግራም የሚያነቡት ከሆነ ደግሞ ከሰዓቱ አጠገብ «በኢትዮጵያ አቆጣጠር» በል።

ጠያቂው

እግዜር ይስጥልኝ። ቃለ ጉባኤውስ? ሦስት ገጽ እየሆነብኝ ነው፤ በኋላ ማንም አያነበውም።

መልስ (መምህሩ)

ማን ምን እንደተናገረ ሁሉ መገልበጥ የለብህም። የተወሰነውን ጻፍ። «ውይይት ተካሂዶ አቅጣጫ ተቀምጧል» ከሚባለው አጻጻፍ ሽሽ፤ ማን ምን እንደሚሠራ አይናገርም። «ገንዘብ ያዡና ሁለት አባላት እስከ የካቲት 10 የድንኳን ዋጋ ጠይቀው ለኮሚቴው ያቀርባሉ» ብትል ግን የካቲት 11 ቀን ማንን እንደምትጠይቅ ታውቃለህ። አጀንዳ፣ ውሳኔ፣ የተቃወመ ካለ የተቃወመበት ምክንያት፣ ፊርማ። አንድ ገጽ ይበቃል።

መልስ (ፒያሳ ኮምፒዩተር ጽሕፈት ቤት የምሠራ)

ለማስጻፍ ወደ እኛ ዓይነት ቤት ከመጣህ፣ ጽሑፉ በዩኒኮድ (ፊደሉን በየስልኩና በየኮምፒዩተሩ አንድ ዓይነት አድርጎ በሚያስነብበው አሠራር) ይጻፍልህ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት በነበሩት እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ፎንቶች የተጻፈ ፋይል ስልክ ላይ ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆናል። ከዩኒኮድ ፎንቶች ኒያላ ወይም አቢሲኒካ ጥሩ ናቸው። አራት ነጥብ ደግሞ ራሱን የቻለ አንድ ምልክት ነው። ሁለት ነጥቡን ደጋግመህ «::» አታድርገው፤ መስመር መጨረሻ ላይ ተሰንጥቆ ግማሹ ወደ ታች ሊወርድ ይችላል። ስልክህ ላይ የአማርኛ ኪቦርድ ካለ «።» ምልክቶቹ መካከል ታገኘዋለህ። ለግድግዳ የሚለጠፈውን በ18 ፎንት አስወጣው፤ እናቶች መነጽር ሳይፈልጉ ያነቡታል።