«ማንቼን ሸህ ሊገዛው ነው» የሚባለው ወሬ፦ ቢሆንስ ለእኛ ምን ይለውጣል?

የጦሳ ቀይ (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁም፣ ያ ጀመዓ። ስለ ማንቸስተር ዩናይትድ ያለኝ ጥያቄ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ቅዳሜ ማታ ሸርፍ ተራ አካባቢ ካለው ዲኤስቲቪ ቤት ጨዋታ አይተን ልንወጣ ስንል አንዱ ልጅ ስልኩን ከፍ አድርጎ «ማንቼ ተሸጠ! የዓረብ ሸህ ገዛው!» ብሎ ጮኸ። ቤቱ ተናወጠ። የማይተዋወቁ ሰዎች ተቃቀፉ፣ አንድ ወንድማችን ለሁሉም ሻይ አዘዘ። አጠገቤ የነበሩት ሀጂ «ሙስሊም ከገዛው ወለድ ያለበት ዕዳ ተሸክሞ አያድርም፤ መጀመሪያ የሚያጸዳው ዕዳውን ነው» አሉ። ሌላው ጓደኛችን ደግሞ «ባለድርሻው ራትክሊፍ እያለ ማን አባቱ ይሸጣል?» ብሎ ተነሣ። እስከ ፒያሳ ድረስ እየተከራከርን ሄድን።

ቤት ገብቼ ስፈልግ ግን ወሬውን የሚያረጋግጥ ምንም አጣሁ። ይኼ ደግሞ የመጀመሪያው አይደለም። በ2023 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) የኳታሩ ሸህ ጃሲም ክለቡን ሊገዙ ነው ሲባል የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። «ዛሬ ይፈረማል፣ ነገ ይፈረማል» እየተባለ ከየካቲት እስከ ጥቅምት ጠበቅን፤ በመጨረሻ ራሳቸውን አገለሉ። ያን ቀን ያዘንኩትን ያህል በጨዋታ ተሸንፈን አዝኜ አላውቅም።

አሁን እንደገና ልቤ እንዲሰቀል አልፈልግም። የሚያውቅ ሰው በደንብ ያስረዳኝ፤ የክለቡ ባለቤቶች ግሌዘሮች በእውነት ሊሸጡ ይችላሉ ወይ? የራትክሊፍስ ድርሻ ምን ይሆናል? ከሁሉም በላይ፣ አዲስ ባለቤት ቢመጣ ለክለቡ ይሻለዋል ወይስ ያው ነው?


መድፈኛው ከገራዶ

ወንድሜ፣ የአርሰናል ደጋፊ ነኝ፣ ግን በዚህ ጉዳይ አልቀልድብህም። እኛ ጋ የደረሰውን ልንገርህ። እስከ 2018 ድረስ ጥቂትም ቢሆን አክሲዮን የያዙ ተራ ደጋፊዎች ነበሩን። አንዷ አክሲዮን በአሥር ሺዎች ፓውንድ ስለምታወጣ ብዙ ሰው ሆነው እያዋጡ በጋራ ይይዙ ነበር። ትልቁ ባለድርሻችን ክሮንኬ የሌላውን ባለድርሻ የኡስማኖቭን 30 በመቶ በ550 ሚሊዮን ፓውንድ ሲገዛ ሕጉ ፈቀደለትና የቀሩትን ትንንሽ ባለአክሲዮኖች ሁሉ አስገድዶ ገዛቸው። ገንዘባቸውን አግኝተዋል፤ ነገር ግን በዓመታዊ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ ባለቤቱን ፊት ለፊት የሚጠይቅ ደጋፊ ከዚያ ወዲያ የለም። አሁን ቡድናችን ጥሩ ስለሆነ ሰው ረስቶታል፤ እኔ አልረሳሁም።


ቦርከና ማዶ (ኮምቦልቻ)

ወንድሜ የጦሳ ቀይ፣ አብሽር፣ የማውቀውን ልጻፍልህ። እኔ ኮምቦልቻ ባንክ ውስጥ ብድር ክፍል ነው የምሠራው። ዩናይትድን የያዝኩት በ1999 ሦስቱን ዋንጫ በበላንበት ዓመት ነው። ስለዚህ ይህን ጉዳይ በሁለት ዓይን ነው የማየው፣ በደጋፊም በብድር ሠራተኛም።

ሁላችሁም «ማን ሊገዛው ነው?» ትላላችሁ። እኔ ግን «በማን ገንዘብ ነው የሚገዛው?» እላለሁ።

በ2005 ማልኮም ግሌዘር ክለቡን በ790 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ሲጠቀልለው ከራሱ ኪስ ያወጣው ጥቂቱን ነው። አብዛኛውን ተበደረ፤ ብድሩ ደግሞ የተጫነው በተገዛው ክለብ ላይ ነው። አንድ ሰው አይሱዙ በብድር ሲገዛ መያዣው ራሱ አይሱዙው ነው፤ ሚሌ ድረስ ጭኖ እየተመላለሰ ዕዳውን የሚከፍለውም መኪናው ነው። ልዩነቱ፣ የአይሱዙው ባለቤት ላቡን ያፈስበታል፣ ጎማውን ይቀይርለታል፣ ዘይቱን ያያል። እነዚህ ጎማውም ሲያልቅ ዝም አሉ። የስታዲየማችን የኦልድ ትራፎርድ ጣሪያ እንደሚያፈስ በቴሌቪዥን ያላየ አለ? ከ2005ቱ ግዢ በፊት እኮ ዩናይትድ ዕዳ የሌለበት ክለብ ነበር።

ቤተሰቡ ከወሰዳቸው ብድሮች መካከል ወለዱ ከ14 በመቶ በላይ የነበረ አለ፤ በ2010 ከ16 በመቶ አለፈ። እንዲህ ዓይነት ወለድ ዋናው ላይ እየተደመረ እንዴት እንደሚያብጥ በየቀኑ ጠረጴዛዬ ላይ አየዋለሁ። በዚያው ዓመት ነው ደጋፊው አረንጓዴና ወርቃማ ስካርፍ አንገቱ ላይ አድርጎ የተነሣው። ቀለሙ ክለቡ ኒውተን ሂዝ ይባል ከነበረበት ዘመን የመጣ ነው። ቤካም ከሚላን ጋር ኦልድ ትራፎርድ መጥቶ ተጫውቶ ሲወጣ ያንን ስካርፍ አንሥቶ አጠለቀው። እዚህ ኮምቦልቻ ሆኜ ያንን ሳይ እንባዬ መጣ፤ የእኛ ልጅ ከእኛ ጋር ነው አልኩ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2005 አንዳንዶቹ ጨርሰው ተቆርጠው ኤፍሲ ዩናይትድ ኦፍ ማንቸስተር የሚባል የራሳቸውን ክለብ መሥርተዋል፤ ባለቤቱ ደጋፊው ራሱ ነው። እኔ ያን ያህል መቁረጥ አልቻልኩም፤ የቆረጡትን ግን አከብራቸዋለሁ።

አሁን ወደ ጥያቄህ። መሸጥ ይችላሉ ወይ? ይችላሉ፤ ግን የሚሸጡት እነሱ ሲፈልጉ ብቻ ነው። በ2012 ክለቡን ኒውዮርክ አክሲዮን ገበያ ሲያስገቡት በሁለት ከፈሉት። ለሕዝብ የተሸጠው «ኤ» የሚባለው አክሲዮን አንድ ድምፅ አለው፤ ቤተሰቡ ለራሱ ያስቀረው «ቢ» የሚባለው አሥር ድምፅ አለው። ስለዚህ የትኛውም ሸህ ገበያ ላይ «ኤ» አክሲዮን ቢለቅም ክለቡን አይዝም። የማልኮም ልጆች እጃቸውን ካልሰጡ ሽያጭ የለም።

ራትክሊፍ በየካቲት 2024 ሲገባ ለአንዱ አክሲዮን 33 ዶላር ከፍሏል። ገበያ ሲገቡ የተሸጠው በ14 ዶላር እንደነበር አትርሳ። በጠቅላላው ከ1 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ አወጣ። እዚህ ላይ ልብ በል፤ ከዚህ ሁሉ ለክለቡ መሠረተ ልማት ተብሎ የገባው 300 ሚሊዮን ዶላር ነው። የቀረው የሄደው ለሻጮቹ ነው። ዕዳው በነበረበት ቀረ። እኛ ግን «አዲስ ባለቤት መጣ» ብለን ጨፈርን። ቀጥሎ የመጣውን ደግሞ ታውቃለህ፤ በ2024 ክረምት ወደ 250 ሠራተኛ ተቀነሰ፣ በዓመቱ ደግሞ ሌሎች ተቀነሱ። የውድድር ዘመኑ እየሄደ ባለበት የቀሩት ትኬቶች 66 ፓውንድ ሆኑ፤ ለሕፃንም ለጡረተኛም ቅናሽ አልነበረም። እዚያ የምሳ ቤት ሠራተኛዋ ጭምር ስትቀነስ ከዕዳው ግን አንድ ሳንቲም አልጎደለም። ይህ ያንገበግበኛል።

«ራትክሊፍ እያለ ማን ይሸጣል» ላለው ጓደኛህ ደግሞ፣ ውሉ ውስጥ ይህ ታስቦበታል። ከ18 ወር በኋላ፣ ማለትም ከነሐሴ 2025 ጀምሮ፣ ክለቡን ሙሉ በሙሉ ልግዛ የሚል ሰው መጥቶ ግሌዘሮች ከተስማሙ፣ ራትክሊፍ የያዘውን ወደ 29 በመቶ የሚጠጋ ድርሻ አብሮ እንዲሸጥ ሊያስገድዱት ይችላሉ። ወሬው ከዚያ ወዲህ የበዛው ያለ ነገር አይደለም። በር ስለተከፈተ ነው። በር ተከፈተ ማለት ግን ሰው ገባ ማለት አይደለም።

ሀጂን ሰላም በልልኝ፤ የተናገሩት ትልቅ ነገር ነው። ሸህ ጃሲም የኳታር ኢስላሚክ ባንክ ሊቀመንበር ነበሩ፤ ያቀረቡትም መቶ በመቶ ገዝተው ክለቡን ከዕዳ ነፃ ሊያደርጉት ነበር። ግን የገዢው ሃይማኖት ውል ውስጥ አይጻፍም። መጻፍ ያለበት «ነባሩን ዕዳ እከፍላለሁ፣ ለግዢው የምበደረውንም ክለቡ ላይ አልጭንም» የሚለው ነው። እሱን የጻፈ ካቶሊክም ይሁን ሙስሊም፣ አሜሪካዊም ይሁን ዓረብ፣ እኔ በሁለት እጄ ነው የምቀበለው።


የፈርጊ ልጅ (ደሴ፣ አይጠየፍ አካባቢ)

ጋሼ ቦርከና ማዶ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን፤ እንዲህ አብራርቶ የነገረን ሰው የለም። እኔ አንድ ነገር ልጨምር፣ አንድ ነገር ደግሞ ልቃወም።

የምጨምረው፦ «ሳዑዲ ሊገዛው ነው» የሚሉት ልጆች ኒውካስልን ረስተዋል። የሳዑዲ መንግሥት የኢንቨስትመንት ፈንድ በጥቅምት 2021 ኒውካስልን ገዝቷል። በአንድ ሊግ ሁለት ክለብ መያዝ አይፈቀድም። ማንቸስተር ሲቲም ከ2008 ጀምሮ የአቡዳቢው ሸህ መንሱር ነው። አውሮፓ ላይም ቢሆን ጣጣ አለው፤ የራትክሊፉ ኩባንያ ኢኒዮስ የፈረንሳዩን ክለብ ኒስንም ስለያዘ በ2024 ተከላካዩን ቶዲቦን ከኒስ ልናመጣው ስንል ዩኤፋ ከለከለን፣ ልጁ ዌስትሃም ገባ። ስለዚህ «ሸህ ገዛው» ሲባል የትኛው ሸህ፣ በግሉ ነው ወይስ በመንግሥት ገንዘብ ብላችሁ ጠይቁ።

የምቃወመው ደግሞ «ዕዳውን ከከፈለ ማንም ይሁን» የሚለውን ነው። ጋሼ፣ እኔ አልችልም። ወሎ ውስጥ ዓረብ አገር ሰው የሌለው ቤት የትኛው ነው? እህቴ ሄዳ ሠርታ የወራት ደመወዟን ሳይሰጧት ነው የተመለሰችው፤ ፓስፖርቷን ይዘውባት ነበር። እዚያ ያለውን ሕዝብ ሁሉ አልጠላም፤ ደግ አሠሪ ያጋጠማቸው ጎረቤቶቼ ቤት ሠርተዋል፣ ልጅ አስተምረዋል። ግን ክለቤን የሚገዛው መንግሥት ከሆነ፣ ያ መንግሥት ለእህቴ ዓይነቷ ምን ሕግ አወጣ ብዬ መጠየቅ መብቴ ነው። ግለሰብ ነጋዴ ከሆነ ደግሞ ሠራተኞቹን እንዴት እንደሚይዝ አጣራለሁ። ጋሼ ራስዎ ለምሳ ቤቷ ሠራተኛ አዝነው የለ? ያው ነው።


የጦሳ ቀይ (ደሴ)

ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ። የፈርጊ ልጅ፣ እህትሽን እግዜር ይካሳት። የእኔም አክስት ጅዳ ናት፤ ስልኳን ስትዘጋ ስንት ቀን እንደምንጨነቅ አውቃለሁ። ያን ማታ ስንጨፍር ግን ይኼ አንዳችንም ትዝ አላለንም።

ጋሼ ቦርከና ማዶ፣ ካላስቸገርኩዎት ሁለት ነገር ይንገሩኝ። አዲሱ ስታዲየም 2 ቢሊዮን ፓውንድ ይፈጃል ይባላል፤ ታዲያ ዕዳ የሌለበት ሽያጭ እንዴት ይሆናል? ደግሞስ ባለሀብት ከተገኘ ለእኛው ለደሴ ከተማ ቡድን አይገኝም ወይ? ሆጤ ሜዳ ላይ የሚሮጡት ልጆች ደመወዝ በሰዓቱ ቢያገኙ ከማንቼ ዋንጫ ባልተናነሰ ነበር የምደሰተው።


ቦርከና ማዶ (ኮምቦልቻ)

መጀመሪያ ለየፈርጊ ልጅ፦ ልክ ነሽ፣ እህቴ። ተበዳሪ ሲመጣ መያዣውን ብቻ አይደለም የምናየው፣ ሰውየውንም እናጣራለን። ያንን ጨምሬ ተቀብያለሁ።

ስታዲየሙን በተመለከተ፣ በመጋቢት 2025 ይፋ የተደረገው ዕቅድ 100 ሺህ ሰው የሚይዝ ነው፤ ወጪውም አንተ እንዳልከው 2 ቢሊዮን ፓውንድ ገደማ ነው። ለስታዲየም መበደር ክፉ አይደለም። ያ ዕዳ በሳምንቱ መጨረሻ ገቢ የሚያመጣ ወንበር ይሠራል፤ የ2005ቱ ዕዳ ግን አንድ ወንበር አልሠራም። ብድር ክፍል ውስጥ የምናስተምረው የመጀመሪያው ነገር እሱ ነው፤ ገንዘቡ ምን ላይ ዋለ? እኔን የሚያስፈራኝ፣ አዲስ ገዢ ለግዢውም ተበድሮ ለግንባታውም ተበድሮ ሁለቱንም በአንድ ክለብ ጫንቃ ላይ እንዳያወርድ ነው።

ስለ ደሴ ከተማ የጠየቅከው ልቤን ነካው፤ እኛም የወሎ ኮምቦልቻ ጭንቀት አለብን። የእኛ አገር ክለቦች አብዛኞቹ የከተማ አስተዳደር፣ የመንግሥት ድርጅት ወይም የጦር ኃይል ናቸው፤ ብዙዎቹ ከበጀት ነው የሚኖሩት። የሚሸጥ አክሲዮን ከሌለ ባለሀብቱ ቢመጣስ ምን ይገዛል? ስፖንሰር ሆኖ ማልያ ላይ ስሙን ያሳትማል፣ ሲሰለቸው ይሄዳል። ኮምቦልቻ ውስጥ ፋብሪካው ሞልቷል፣ ደጋፊውም አለ። በመቶ ብርም ቢሆን ሕዝቡ አክሲዮን የሚገዛበት ክለብ ቢቋቋም የመጀመሪያው ፈራሚ እኔ ነኝ። ይህን ለብቻው ጥያቄ አድርገህ ጻፈው፤ ሒሳቡን ሠርቼ እመልስልሃለሁ።

ለዋናው ወሬ ደግሞ፦ ክለቡ ኒውዮርክ ገበያ ላይ ስላለ እውነተኛ ሽያጭ ሲፈረም ለአሜሪካ የገበያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ሰነድ ማስገባት ግድ ነው፤ ሰነዱንም ማንም ሰው ኢንተርኔት ላይ ከፍቶ ያነበዋል። የራትክሊፍ ጊዜ ያነበብኩት ከዚያው ነው። እስከዚያ ድረስ ስልክ ላይ የሚመጣውን አትመን።


የፈርጊ ልጅ (ደሴ፣ አይጠየፍ አካባቢ)

ጋሼ፣ ሰነዱ ከወጣ እባክዎ ዕዳውን የሚመለከተውን ክፍል በአማርኛ ይጻፉልን። እኔ ደግሞ የገዢውን ማንነት አጣርቼ እዚሁ አስቀምጣለሁ።