ግሉኮስ በቀለም ለመለካት የትኛው ናኖዛይም ይሻላል?

"ልጀምር ነው፣ የትኛውን ልያዝ?" የሚል ጥያቄ በውስጥ መስመር ስለበዛ እዚሁ ልመልሰው። ናኖዛይም ማለት እንደ ኢንዛይም የሚሠራ እጅግ ደቃቅ ቁስ ነው።

ለጀማሪ ብረት ኦክሳይድ፣ ማግኔታይቱን ማለቴ ነው። እንደ ፐሮክሲዴዝ ኢንዛይም እንደሚሠራ የታየው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። በማግኔት ስቦ አውጥቶ መልሶ መጠቀም ይቻላል፣ ሙቀትም ቶሎ አያበላሸውም። ግሉኮስ ኦክሲዴዝ የሚባለው ኢንዛይም ከግሉኮሱ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ያወጣል፤ ብረቱ በፐርኦክሳይዱ ቲኤምቢ የሚባለውን ማቅለሚያ ሰማያዊ ያደርገዋል፤ የቀለሙን ጥንካሬ 652 ናኖሜትር ላይ ታነባላችሁ። አለቀ።

አለቀ ስል ግን እንዳላታልላችሁ። ግሉኮስ ኦክሲዴዝ የሚመቸው ወደ ገለልተኛ የተጠጋ ፒኤች (የአሲድነት ልክ) ነው፣ ብረቱ ደግሞ 4 አካባቢ ካልሆነ ይለግማል፣ እና ሁለቱን አንድ ላይ ደባልቃችሁ ቀለሙ ሲፈዝባችሁ ብረቱን አትርገሙ (እኔ ሳምንት ሙሉ ረግሜዋለሁ)። መጀመሪያ ኢንዛይሙ ብቻውን ይሥራ። ከዚያ አሲቴት ቡፈር (ፒኤች እንዳይዋዥቅ የሚይዝ ፈሳሽ) ጨምራችሁ ፒኤቹን አውርዱና ብረቱንና ቲኤምቢውን አስገቡ።

ወርቅስ? የግሉኮስ ኦክሲዴዝ ጠባይም ስላለው ኢንዛይሙን ጭራሽ ሊያስቀርላችሁ ይችላል። ግን ላዩ ገላጣ መሆን አለበት፤ የደም ፕሮቲን ሲለጠፍበት ይደክማል። ለደም አልመክረውም።

ለወረቀት መመርመሪያ ሴሪየም ኦክሳይድ ደስ ይለኛል። ፐርኦክሳይድ ሲያገኘው ራሱ ቀለም ስለሚቀይር ሌላ ማቅለሚያ አያሻውም። ፎስፌት ቡፈር ብቻ አታስጠጉት፣ ላዩን ይይዝበታል።

ናሙናችሁ እንደ እንባ ግሉኮሱ ትንሽ ከሆነስ? ያኔ ፋሽኑን ተዉትና የተፈጥሮውን ፐሮክሲዴዝ ያዙ። በዚያው የ2007 ሥራ ብረቱ የከፍተኛ ፍጥነቱ ግማሽ ላይ ለመድረስ 154 ሚሊሞላር ፐርኦክሳይድ ሲፈልግ ኢንዛይሙ 3.7 በቅቶታል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

አንድ ሰው ደግሞ "ሽንት ላይ ሞክሬ ቀለም አልወጣም፣ ናኖዛይም ልቀይር?" ብሎኛል። ቆይ! ቫይታሚን ሲ ሰማያዊውን መልሶ ያነጣዋል፣ ስለዚህ ሌላ ከመግዛትህ በፊት እዚያው ናሙና ላይ መጠኑን የምታውቀው ግሉኮስ ጨምርበት። ከጨመርክ በኋላም ሰማያዊ ካልሆነ ጥፋቱ የናሙናው ሊሆን ይችላል። ያንኑ ብረት በንጹህ ቡፈር ከግሉኮስ ጋር ሞክረውና ሰማያዊ ከሆነልህ አትቀይረው፤ ናሙናህን አቅጥነው።