ቻርጀር መሰኪያው ውስጡ ተጣሟል፣ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ

የአጋሮ_ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቸኩያለሁ። ስልኬ ትናንት ማታ እንደተሰካ ከጠረጴዛ ወደቀ። ከዚያ ወዲህ ቻርጅ አልቀበል ብሏል። መሰኪያው ውስጥ መሀል ላይ ያለችው ቀጭን ነገር ወደ አንድ ጎን ተጣማለች፣ ገመዱም ይላወሳል። 14 ፐርሰንት ቀርቶኛል። ጎማ ወረዳ ሄጄ ከቡና ገበሬዎች የቀዳሁት ድምፅ በሙሉ እሱ ላይ ነው። የመመረቂያ ጽሑፌ ነው፣ ሌላ ቦታ አላስቀመጥኩትም። አንድ ጥገና ቤት «ማዘርቦርዱ (ዋናው ቦርድ) ይቀየራል፣ ስልኩን ትተሽ ሂጂ» አሉኝ። ፈርቼ ይዤው ተመለስኩ። በመርፌ ባቃናውስ?

ፈረንጅ_አራዳ፦
ቆሻሻ ነው። የኪስ ብናኝ ይጠቀጠቅና ገመዱ እስከ መጨረሻው አይገባም። ስልኩን አጥፊና በስቴኪኒ ቀስ ብለሽ ጥረጊው። የኔ እንደዚያ ነው የዳነው።

ማሜ_ጅማ፦
ሩዝ ውስጥ ክተቺው።

የአጋሮ_ልጅ፦
ውሃ አልነካውም እኮ!

ማሜ_ጅማ፦
እንግዲያው ቡና ውስጥ ክተቺው፣ ጅማ አይደለን? 😂 አይዞሽ እህቴ፣ ባለሙያዎቹ እየመጡ ነው።

ቀጥታ_ሰው፦
እኔ መሰኪያው ነው ብዬ አላምንም። ብዙ ጊዜ ገመዱ ነው። ሰው ርካሽ ገመድ ይገዛና ስልኩን ይወቅሳል። በሌላ ገመድ ሞክረሻል?

የአጋሮ_ልጅ፦
በሦስት ገመድ ሞክሬያለሁ፣ የዶርም ልጆችን ሁሉ ለምኜ። 11 ፐርሰንት ገብቷል።

ጋሽ_መምህር፦
ልጄ፣ ለሌሎችም ይጠቅማልና ልናገር። ታይፕ ሲ የሚባለው የአሁን ስልኮች መሰኪያ ወደ 10,000 ጊዜ ተሰክቶ እንዲነቀል ታስቦ የተሠራ ነው። ስለዚህ መሰካት መንቀሉ ብቻውን ቶሎ አይጨርሰውም። የሚሰብረው የጎን ግፊት ነው። ተሰክቶ መጫወት፣ ተሰክቶ ተኝቶ ደረት ላይ ማስቀመጥ፣ ገመዱን ይዞ ስልኩን መጎተት። ልጆቼን ስንት ጊዜ ተቆጥቻለሁ! ደግሞ አንድ ዓመት የተለፋበት ሥራ አንድ ስልክ ላይ ብቻ አይቀመጥም። ዛሬ ካለፈልሽ ሁለት ቦታ አስቀምጪ።

ፈረንጅ_አራዳ፦
ስቴኪኒውን ሞከርሽው?

ካውያ_እና_ሌድ፦
ጥገና ላይ ነው የምሠራው፣ ስሚኝ። መርፌ እንዳታስገቢ። ያቺ መሀል ያለችው ቀጭን ምላስ ላይ 24 ነጥብ አለ፣ 12 ከላይ 12 ከታች። ኤሌክትሪክ የሚያልፍበትን ከጎረቤቱ ጋር በብረት ካገናኘሽው እውነትም ማዘርቦርድ ድረስ ሊሄድ ይችላል። ስቴኪኒም ተዪው፣ የተሰነጠቀ ፕላስቲክ ይነቅላል።

አሁን ይህን አድርጊ። ገመዱን ገልብጠሽ ሰኪው። ታይፕ ሲ በሁለቱም በኩል ይገባል አይደል? ስልኩ ቻርጀር መጣ ብሎ የሚያውቅባት ነጥብ በየጎኑ አንዳንድ አለች። አንዷ ብትበላሽ ሌላኛዋ ልትሠራ ትችላለች። ከተቀበለ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አጋድመሽ አትንኪው። መሰኪያው አካባቢ በጣትሽ ሲነካ ከጋለ ወዲያው ንቀዪ። ሞዴሉ ምንድን ነው?

የአጋሮ_ልጅ፦
ሳምሰንግ ኤ14፣ አራት ጂ።
ቆይ፣ ገልብጬ ሰካሁት። ተቀበለ!! ኧረ ተመስገን። ቀስ ብሎ ነው ግን ይሞላል። አልጋለም።

ካውያ_እና_ሌድ፦
ጎሽ! አሁን ሌላ ነገር አትክፈቺ። ሚሞሪ ካርድ ካለሽ አስገቢና ድምፁን ገልብጪ፣ ስልክሽ የሚሞሪ ቦታ አለው። ከሌለሽ በዋይፋይ ወደ ቴሌግራም ሴቭድ ሜሴጅ ላኪው። ዛሬውኑ፣ መብራት ሳይሄድ። ነገ ያው ጎን ላይሠራ ይችላል።

ስለ ጥገናው ደግሞ፣ ኤ14 ላይ መሰኪያው ማዘርቦርዱ ላይ አይደለም። ከታች ለብቻዋ ያለች ትንሽ ቦርድ ላይ ነው። ተነቅላ ሌላ ትገባለች፣ ማዘርቦርዱ አይነካም። መሰኪያውን ብቻ በሆት ኤር (በትኩስ አየር መንፊያ) አንስቶ መበየድም ይቻላል፣ ግን ሙቀቱ ከበዛ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ ቦርዷን መቀየር ይሻላል። የአራት ጂና የአምስት ጂ ቦርድ ይለያያል፣ ሴቲንግ ውስጥ ሞዴል ቁጥሩን አይተሽ ንገሪያቸው። ስልክሽን ትተሽ መሄድ የለብሽም፣ ፊት ለፊትሽ የሚሠራ ፈልጊ።

ገንዘብ ሳትከፍዪ እዚያው ሞክሪው፦ ገመዱን በሁለቱም ጎን ሰኪ፣ ድምፅሽን ቅጂና ስሚው (ማይኩም እዚያችው ቦርድ ላይ ነው)፣ ኢርፎን ሰኪ፣ ኮምፒውተር ላይም አገናኝተሽ እዪ። የቸኮለ ሰው ቻርጅ ማድረጉን ብቻ አይቶ ይሄዳል፣ ማታ ሲደውል ድምፁ አይሰማም።

ቀጥታ_ሰው፦
እሺ፣ ገመዱ አልነበረም። ግን ብዙ ጊዜ ገመዱ ነው።

የአጋሮ_ልጅ፦
ከ19ኙ ቃለ መጠይቅ 16ቱ ቴሌግራም ላይ ገብተዋል። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። ወንድሜ እግዜር ይስጥህ። ሦስቱ ትልልቆች ናቸው፣ ኔትወርኩ ይዞኛል…

ማሜ_ጅማ፦
ሦስቱስ? ገቡ?

ካውያ_እና_ሌድ፦
እህቴ፣ አለሽ?

የሰቃ_ነጋዴ፦
ይቅርታ፣ መሀል ገባሁ። የኔ የድሮው ጠባብ መሰኪያ ነው፣ ውስጡ አረንጓዴ ነገር ይዟል። ዝናብ ነክቶት ነበር። እሱም ቦርድ ይቀየራል ወይስ ይጸዳል?

ካውያ_እና_ሌድ፦
አረንጓዴው ዝገት ነው። አጥፋው፣ ቻርጅ እንዳታደርገው። ነገ ይዘኸው ና፣ በአልኮልና በለስላሳ ብሩሽ ይጸዳል፣ ነጥቦቹ ካልተበሉ ይድናል።