የዕቅድ ውይይት፦ የተሻሻለ ሽጉጥ ሲመዘን ሚዛኑ ላይ ምን ይውጣ?

ሐሳብ አቅራቢ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በተኩስ ውድድራችን ስለ ተሻሻለ ሽጉጥ፣ ማለትም ተቀጥላ ስለተገጠመለት ሽጉጥ፣ ክብደት ለቴክኒክ ኮሚቴው በጋራ የምናስገባውን ሐሳብ እዚሁ እንጨርሰው። አሁን ያለን ደንብ አንድ መስመር ነው፤ «የተሻሻለ ሽጉጥ ክብደት ከ1400 ግራም አይበልጥም» ይላል፣ አለቀ። ካዝናው (የጥይት መያዣው) ገብቶ ነው ወይስ ወጥቶ? የትኛው ካዝና? ማነጣጠሪያው ከነባትሪው ነው? በማን ሚዛን? ምንም የለም። ስለዚህ በየውድድሩ ክርክሩ ያው ነው፣ የሚፈታውም በዕለቱ ተረኛ በሆነው ዳኛ ስሜት ነው።

የእኔ አቋም ግልጽ ነው፤ ቁጥሩን አንነካካው። 1400 ይሁን 1450 ይሁን፣ አመዛዘኑ ካልተጻፈ ለውጥ የለውም። መጀመሪያ ሚዛኑ ላይ ምን እንደሚወጣ እንስማማ።

አንጋፋ ተኳሽ፦
እኔ ግን ቁጥሩም ይነሳ ባይ ነኝ። የዘንድሮ የብረት ሽጉጦች ከፋብሪካ ሲወጡም ከባድ ናቸው። ሲዜድ ሻዶው 2 ካታሎጉ ላይ 1330 ግራም ነው። ትንሽዬ ቀይ ነጥብ ማነጣጠሪያ 45 ግራም፣ መቀመጫ ሳህኗ 20 ግራም ብለህ ደምርበት፣ 1395 ገባህ። 5 ግራም ቀረህ ማለት ነው፤ በ5 ግራም ምን ትሠራበታለህ? የአሜሪካው የተግባራዊ ተኩስ ማኅበር ዩኤስፒኤስኤ እንኳ ማነጣጠሪያ ለተገጠመላቸው የፋብሪካ ሽጉጦች ያለውን ጣሪያ ከ45 አውንስ ወደ 59 አውንስ አንስቶታል፣ 1670 ግራም ገደማ ነው። እኛ ምን ያዘን?

ሐሳብ አቅራቢ፦
ጋሼ፣ ምሳሌውን ወደድኩት። ግን ለእኔው ሐሳብ ነው የሚመሰክረው። ያ 1330 ባዶ ካዝናውን ይጨምራል ወይስ አይጨምርም? አንዱ አምራች ጨምሮ ይጽፋል፣ ሌላው ሳይጨምር። ባዶ የብረት ካዝና ደግሞ እንደ ዋዛ 100 ግራም ሊደርስ ይችላል። ልዩነቱ ከማነጣጠሪያዎ ይበልጣል። ካታሎግ ይዘን ከተከራከርን አንጨርስም።

ሌላው፣ ጣሪያው የተቀመጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ዓለም አቀፉ የተኩስ ስፖርት ፌዴሬሽን አይኤስኤስኤፍ በ25 ሜትር ውድድሮች 1400 ግራም፣ በ10 ሜትር የአየር ሽጉጥ 1500 ግራም ያደረገው ክብደት ራሱ ጥቅም ስለሆነ ነው። ሂሳቡን እንሥራው። 8 ግራም የሆነ የ9 ሚሊሜትር የጥይት እርሳስ በሰከንድ 340 ሜትር ሲወጣ፣ የባሩዱን ጋዝ ትተን፣ 1000 ግራም የሚመዝነው ሽጉጥ ወደኋላ 3.7 ጁል ገደማ ይቀበላል። 1400 ግራም የሆነው 2.6 ጁል። ተኳሹ ያው፣ ጥይቱ ያው፣ የሚመታው ጉልበት ግን ከሩብ በላይ ቀነሰ። ጣሪያው ከተነሳ ነገ ሁሉም ናስና ተንግስተን የመሰለ ከባድ ብረት ማንጠልጠል ይጀምራል፣ ከዚያ ውድድሩ የኪስ ይሆናል።

አዲስ አባል፦
ይቅርታ፣ ገና መጀመሬ ነው። የእኔ ፍሬሙ ፕላስቲክ ስለሆነ ጣሪያው አያሰጋኝም። ግን እኔም ክብደት ልጨምር እያሰብኩ ነበር። የት ላይ ቢጨመር ይሻላል? ምላጩን በሚመለከትስ 1000 ግራም የሚባል ነገር ሰምቻለሁ፣ እሱም እዚሁ ውስጥ ነው?

የመሣሪያ ባለሙያ፦
እህቴ፣ የምላጩ ሌላ ጉዳይ ነው። እሱ ምላጩ ሳይለቅ ሊሸከመው የሚገባው ዝቅተኛ ክብደት ነው፣ በ25 ሜትር 1000 ግራም፣ በአየር ሽጉጥ 500 ግራም። የሚፈተሸው መፈተሻ ክብደቱን ምላጩ ላይ አንጠልጥሎ በማንሳት ነው። እዚህ የምናወራው የሽጉጡን ጠቅላላ ክብደት ነው። በዚህ ሐሳብ ውስጥ ባናደባልቃቸው ጥሩ ነው።

የት ላይ ይጨመር ላልሽው፣ አፈሙዙ ሲተኮስ ወደ ላይ እንዳይዘል ከፈለግሽ ከፊት፣ ከበርሜሉ ሥር። ከካዝናው ታች የሚጨመር ክብደት ጠቅላላውን ያበዛል እንጂ አፈሙዙን ብዙም አይዝም። የሚገርመኝ ሰው የተፈቀደለትን ግራም የሚጨርሰው እዚያው ታች ላይ ነው፣ የናስ የካዝና ወለል፣ የናስ የካዝና ማስገቢያ አፍ። ያምራል፣ አልክድም።

ጣሪያው ላይ ለደረሳችሁት ደግሞ፣ መቀነስ የሚጀመረው ከተቀጥላው ነው። ናስ በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 8.5 ግራም ገደማ ነው፣ አሉሚኒየም 2.7። የእጀታው ሁለቱ ጎኖች ባንድ ላይ 15 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ቢሆኑ፣ በናስ 127 ግራም፣ በአሉሚኒየም 40 ግራም። 87 ግራም ተረፈ፣ ሽጉጡም አልተነካ። የማስገቢያው አፍም ያው ነው። ታይታኒየም መካከል ላይ ነው፣ 4.5፣ ግን ለዚህ ሥራ ገንዘብ ማባከን ነው ባይ ነኝ።

ስላይዱን፣ ሲተኮስ ወደኋላ ሄዶ የሚመለሰውን የላይኛውን ክፍል፣ እያስፈለፈላችሁ አትቀንሱ! አንዳንዱ ቶሎ ወደዚያ ይሮጣል። ስላይድ ክብደቱ ከመመለሻ ሞላው ጋር የተመጣጠነ ነው፤ ሲቀልል ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ፍሬሙን ይደበድባል፣ ያለቦታው ከተቆረጠ ይሰነጠቃል። 30 ግራም ለመቀነስ ብሎ መሣሪያውን የማይታመን ያደረገ ሰው ብዙ መጥቶልኛል። በሐሳቡ ውስጥ ስላይድ ላይ የሚሠራ ማንኛውም ሥራ በባለሙያ መሠራቱ ይረጋገጥ የሚል ብንጨምር ደስ ይለኛል።

የፍተሻ ዳኛ፦
ከጠረጴዛው ወዲያ ያለውን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም እናንተ የምትጽፉትን የማስፈጽመው እኔ ነኝ።

ዋናው ማምለጫ ካዝና ነው። ተኳሹ ለሚዛን ሲመጣ ቀላሉን ካዝና አስገብቶ ይመጣል። 1392፣ አለፈ፣ ምልክቱ ተለጠፈለት። ሜዳ ላይ ቀበቶው ላይ ያሉት አራቱም ግን የናስ ወለል ያላቸው ናቸው። ሕግ ጥሷል? አሁን ባለው መስመር መሠረት አልጣሰም! ዓለም አቀፉ የመከላከያ ሽጉጥ ማኅበር አይዲፒኤ ይህን የፈታው ተኳሹ ከሚጠቀምባቸው ካዝናዎች ከባዱ ገብቶ ይመዘን በማለት ነው። እኛም እንዲሁ ካላደረግን የቀረው ከንቱ ነው። ካዝናዎቹ በሙሉ ጠረጴዛ ላይ ይደርደሩ፣ ከባዱን እኔ ልምረጥ፣ ሁሉም ምልክት ይደረግባቸው። ምልክት የሌለው ካዝና ሜዳ ላይ ከታየ እንዳልተመዘነ ይቆጠር።

ሁለተኛ፣ መቻቻል የሚባለው። «ዳኛ፣ 3 ግራም እኮ ናት» ይሉኛል። 3 ካለፈች 5 ለምን አታልፍም? ጣሪያው ጣሪያ ይሁን።

የመሣሪያ ባለሙያ፦
እዚህ ላይ አልስማማም። ሚዛኑ ራሱ ይስታል። 2 ግራም ወዲያና ወዲህ የሚል ሚዛን ይዘህ 1401 ያነበብከውን ሰው እንዴት ትመልሰዋለህ? የሚዛኑ ስሕተት ለተኳሹ ይታሰብለት።

የፍተሻ ዳኛ፦
ካሰብኩለት ከነገ ጀምሮ ጣሪያው 1402 ነው፣ ሁሉም እዚያ ድረስ ይሞላል። ሰውን አውቀዋለሁ።

ሐሳብ አቅራቢ፦
ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ እንዲህ ብናስታርቀውስ? መቻቻል አይኑር። በምትኩ የውድድሩ ሚዛን አንድ ብቻ ይሁን፣ እሱም ከውድድሩ ዋዜማ ጀምሮ ለማንም ክፍት ይሁን። መጥተህ ትመዝናለህ፣ ከበዛ ትቀንሳለህ፣ ደግመህ ትመዝናለህ፣ ማንም አይቆጣህም። የቤት ሚዛን ማስረጃ አይሆንም። እንዲህ ከሆነ ሚዛኑ 2 ግራም ቢስት እንኳ ለሁሉም እኩል ነው የሚስተው። ተኳሹ ደግሞ ከ10 እስከ 15 ግራም መጠባበቂያ ይዞ ቢመጣ ራሱን ነው የሚጠቅመው።

የመሣሪያ ባለሙያ፦
በዚህ እስማማለሁ፣ ግን ሚዛኑ በታወቀ መፈተሻ ክብደት ተረጋግጦ ነው። በ1000 ብቻ አይበቃም፣ ጣሪያው አካባቢም ይፈተሽ። 1 ግራም ለይቶ የሚያነብ፣ ውሃ ልኩ የተጠበቀ፣ ነፋስም ሆነ ማራገቢያ የማይነካው ቦታ። ጠዋት አንዴ፣ ቀትር ላይ አንዴ ይረጋገጥና ንባቡ ይጻፍ። የእንጨት እጀታ ያላችሁ ደግሞ አስቡበት፣ እንጨት ላብና እርጥበት ይጠጣል። ለእጃቸው ልክ እያሉ ፑቲ የሚጨምሩም አሉ፣ ያም በየጊዜው ሲደራረብ ግራሙ ይጠራቀማል።

አዲስ አባል፦
መሀል ውድድር ላይ ማነጣጠሪያው ቢሰበርብኝስ? ከጓደኛዬ ተውሼ ብገጥም እንደገና ልመዘን ነው? ተለዋጭ ሽጉጥ ይዤ ከሆነስ?

የፍተሻ ዳኛ፦
ጥሩ ጥያቄ። ያው ሞዴል በያው ሞዴል ከተተካ ለዳኛ ማሳወቅ ይበቃል። ሞዴሉ ከተለየ መመዘን ግድ ነው። ተለዋጭ ሽጉጥ ጠዋት ከዋናው ጋር አብሮ ይመዘን፣ ይመዝገብ። ባትሪው ውስጡ ሆኖ ነው የሚመዘነው፣ ክዳኖችና የአውራ ጣት ማሳረፊያም ከገጠምሻቸው ጭምር። ባጭሩ፣ እንደምትተኩሺበት ሆኖ፣ ጥይት ብቻ የለም።

ስለ ጥይት ካነሳን፣ ይህን በትልቁ ጻፉልኝ፤ ሚዛን ጠረጴዛው አጠገብ ጥይት አይደርስም። ሽጉጡ የሚራገፈው ከዚያ በፊት ነው፣ በተወሰነ ቦታ፣ አፈሙዙ ወደ አስተማማኙ አቅጣጫ ሆኖ፣ ዳኛ የጥይት ቤቱን በዓይኑ አይቶ። ወረፋ ሲበዛ ሰው ይቸኩላል፣ እኔን የሚያስፈራኝ ከግራሙ ይልቅ ይሄ ነው።

አንጋፋ ተኳሽ፦
እሺ፣ ቁጥሩን ለጊዜው ትቼዋለሁ፣ ለጊዜው ብያለሁ። ቅጣቱስ? ከውድድር በኋላ በዕጣ ተመርጦ ሲመዘን በ4 ግራም የበለጠ ሰው ሙሉ ቀን የተኮሰው ገደል ይግባ ነው የምትሉት?

የፍተሻ ዳኛ፦
አዎ፣ ይሰረዝ። አይኤስኤስኤፍም ከውድድር በኋላ በዕጣ መርጦ ይፈትሻል፣ ያላሟላውን ይሰርዛል።

ሐሳብ አቅራቢ፦
እኔ እንኳ የዓለም አቀፉን የተግባራዊ ተኩስ ኮንፌዴሬሽን፣ የአይፒኤስሲን፣ መንገድ እመርጣለሁ። እዚያ የምድቡን መስፈርት ያላሟላ መሣሪያ ይዞ የተገኘ ሰው፣ ካለ ወደ ክፍት ምድብ፣ የመሣሪያ ገደቡ ወደላላበት፣ ይዛወራል፣ ከሌለ ነጥብ አይያዝለትም። ክፍት ምድብ አለን። 4 ግራም የበለጠበትን ሰው እንደ አጭበርባሪ ማየት ትክክል አይመስለኝም። ሆን ብሎ ካዝና የቀያየረ፣ ምልክት የነቀለ፣ ከተመዘነ በኋላ ክብደት የጨመረ ግን ይሰረዝ፣ እዚያ ላይ ከዳኛው ጋር ነኝ።

የመሣሪያ ባለሙያ፦
ደግፌያለሁ።

አዲስ አባል፦
እኔም።

አንጋፋ ተኳሽ፦
ይሁን።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
እስካሁን ያላችሁትን አንድ ላይ አድርጌ እንዲህ ጻፍኩት፣ አንብባችሁ እረሙኝ።

«በተሻሻለ ሽጉጥ ምድብ ክብደቱ ከ1400 ግራም አይበልጥም፣ ለስሕተት የሚታሰብ ተጨማሪ ግራም የለም። ሽጉጡ የሚመዘነው ውድድሩ ላይ በሚያገለግልበት ሁኔታ፣ ከነተገጠመለት ሁሉና ከነባትሪው፣ ተኳሹ ካቀረባቸው ካዝናዎች ከባዱ ባዶውን ገብቶበት ነው። ካዝናዎቹ በሙሉ ይቀርባሉ፣ ምልክት ይደረግባቸዋል። ተለዋጭ ሽጉጥም ይመዘናል። ብቸኛው ሕጋዊ ሚዛን የውድድሩ ሚዛን ሲሆን ከዋዜማው ጀምሮ ለተወዳዳሪዎች ክፍት ነው፣ በ1000ና በ1400 ግራም መፈተሻ ክብደት በቀን ሁለት ጊዜ ይረጋገጣል። በውድድር መካከል ሞዴሉ የተለየ ዕቃ የተካ ተኳሽ ከመቀጠሉ በፊት ይመዘናል። ከውድድር በፊት የበለጠበት ቀንሶ ይመለሳል። ከተጀመረ በኋላ የበለጠበት ወደ ክፍት ምድብ ይዛወራል። ሆን ብሎ የለወጠ ይሰረዛል። መሣሪያው ወደ ሚዛን ከመቅረቡ በፊት በዳኛ ፊት ይራገፋል፣ በጠረጴዛው አካባቢ ጥይት ክልክል ነው።»

ስላይድ ላይ የተባለውን አላስገባሁትም። ባለሙያ መሥራቱን በምን እናረጋግጣለን? ወረቀት ጠይቁ ካልን ጠረጴዛው ላይ ሌላ ወረፋ ነው።

የመሣሪያ ባለሙያ፦
ደንብ ውስጥ ካልገባ በምክር መልክ ይጨመር። «ክብደት ለመቀነስ በቅድሚያ ተቀጥላዎችን ይቀይሩ፣ ስላይድ አይቁረጡ» የምትል አንዲት መስመር ትበቃለች።

የፍተሻ ዳኛ፦
ምልክቱ ምን ላይ ይለጠፋል የሚለው ቀርቷል። ስላይድ ላይ ከተለጠፈ በዘይቱና በሙቀቱ ይነሳል፣ ከዚያ «ራሱ ወደቀ» ይሉኛል። ፍሬሙ ላይ፣ ከምላጭ ከለላው ፊት ለፊት ይሁን። ካዝናዎቹ ላይ በቀለም ነጥብ ይበቃል፣ ቀለሙን ግን በየውድድሩ እቀይራለሁ።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
ሁለቱንም ጨምሬያለሁ። የክብደት ጣሪያው ይነሳ የሚለውን የጋሼን ሐሳብ ራሱን ችሎ በሁለተኛ ገጽ አያይዤ እልካለሁ፣ ድጋፍ ያላችሁ ከሥሩ ፈርሙ። ዋናው ሐሳብ ላይ ተቃውሞ ያለው እስከ ዓርብ ማታ ይጻፍ፣ ቅዳሜ ጠዋት ለኮሚቴው ይገባል።

አንጋፋ ተኳሽ፦
ሁለተኛው ገጽ ላይ 1450 ብለህ ጻፍልኝ። 1500 ብዬ ነበር ያሰብኩት፣ ግን የናሱን ነገር ሳስበው እነሱ እውነት አላቸው።