ክርክር፦ በ86 ዓመት የአከርካሪ ዕጢ ቀዶ ሕክምና ይደረግ ወይስ ይቅር?

የከዚራ ልጅ፦ ጎረቤታችን እማማ 86 ዓመታቸው ነው። ኤምአርአይ ሲነሱ አከርካሪያቸው ላይ ዕጢ ታየ፤ ልጆቻቸው ለሁለት ተከፍለዋል። እኔ ግን ቀዶ ሕክምናው ይቅር ባይ ነኝ። በዚህ ዕድሜ ሳንባ ምች፣ የእግር ደም መርጋት፣ ከሰመመን በኋላ መቃዠት አለ። ምን ቀራቸውና ነው?

ነርሷ፦ አቦ፣ መጀመሪያ ዓይነቱ ይታወቅ! ሜኒንጂዮማ፣ ማለትም ከህብለ ሰረሰር ሽፋን የሚነሳ ዕጢ ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር አይደለም። ቀስ ብሎ ያድጋል፣ በብዛት የሚታየውም ዕድሜያቸው በገፋ ሴቶች ላይ ነው። ህብለ ሰረሰሩን እየተጫነ እግር ያዝላል፤ ሲወጣ ብዙዎቹ ይሻላቸዋል። ከጡት ወይም ከሳንባ የተዛመተ ከሆነ ሌላ ነገር ነው። ደግሞ ዕድሜያቸውን ብቻ አትቁጠር፤ ከመታመማቸው በፊት ገበያ ይወጡ ነበር?

የከዚራ ልጅ፦ እስከ አምና ቀፊራ ገበያ ራሳቸው ይወርዱ ነበር።

መጋላ፦ ከድሬዳዋ አዲስ አበባ እኮ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ማን ያስታምማል? ልጆቹ ጅዳ ናቸው። ብር ይላካል፤ ሰው ማገላበጥ ግን በስልክ አይሆንም።

ሐረሬዋ፦ ወላሂ ይሄ ገረመኝ። ሳይሠራላቸው ቢቀር ማገላበጡ የሚቀር መሰለህ? ሽባ ከሆኑ እኮ ነው የሚገላበጡት። ሽንት በቱቦ፣ የጀርባ ቁስል፣ እሱንም ቁጠረው።

ነርሷ፦ በተዛመተ ካንሰር ላይ በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣ የታወቀ ጥናት አለ። ቀዶ ሕክምናና ጨረር ካገኙት 84 በመቶ፣ ጨረር ብቻ ካገኙት 57 በመቶ መራመድ ችለዋል። እግራቸው ከከዳቸው 48 ሰዓት ያለፋቸው ግን አልተካተቱም። መዘግየት ዋጋ አለው።

የከዚራ ልጅ፦ እሱኑ ጥናት በዕድሜ ከፍለው ሲያዩት ግን 65 እና ከዚያ በላይ ለሆኑት ልዩነቱ ጠፍቷል። ይሄን ለምን አትነግሪንም?

ነርሷ፦ ልክ ነህ፤ ግን ያ የካንሰር ነው። ለሜኒንጂዮማ አታምጣው።

ሐረሬዋ፦ ቆይ፣ እሳቸው ራሳቸው ምን አሉ?

የከዚራ ልጅ፦ አልተነገራቸውም። ሪህ ነው ተብለዋል።

መጋላ፦ በል እንግዲህ! ሪህ ነው ብላችሁ ለቀዶ ልታስፈርሟቸው?

ነርሷ፦ አእምሯቸው ደህና ከሆነ ፈራሚዋ እሳቸው ናቸው። ዛሬውኑ ይነገራቸው። እግራቸው ድንገት ከዛለ ወይም ሽንት እምቢ ካለ ግን ስብሰባው ይቁም፤ በሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ይሂዱ።

የከዚራ ልጅ፦ እሺ፣ ለታላቅየዋ ልደውል። አሁንም ግን ይቅር ባይ ነኝ።