ማዳበሪያው ከማን መሬት የወጣ ነው?

የሕርማታ ልጅ፦
ሰላም ወገን። ጅማ አካባቢ በአንድ የገበሬዎች ማህበር መጋዘን ነው የምሠራው። የበቆሎ ወቅት ሲደርስ ኤንፒኤስና ዩሪያ ተረክቤ ለገበሬ አከፋፍላለሁ። የኤንፒኤሱ ጆንያ ላይ «ሞሮኮ» ይላል። ባለፈው አንድ አባት ጆንያውን በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው «ልጄ፣ ይሄ የማን አገር አፈር ነው?» አሉኝ። ነገሩ ከነከነኝና ማንበብ ጀመርኩ። ለካ ሞሮኮ ከምዕራብ ሰሃራም፣ ቡክራ ከሚባል ቦታ ፎስፌት (እንደ ኤንፒኤስ ያለ ማዳበሪያ የሚሠራበትን ማዕድን) ታወጣለች። የማን እንደሆነ ገና ባልተቋጨ መሬት ላይ ይሄ በሕግ እንዴት ይታያል?

የጅሬኑ፦
ወንድሜ፣ ሕግ ስላጠናሁ የማውቀውን ልበል (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው)። የሞሮኮ ፎስፌት በብዛት የሚወጣው ከራሷ ከኩሪብጋ ነው። የቡክራው ድርሻ ትንሽ ነው። ስለዚህ ጆንያ አይቶ «ይሄ የሰሃራ ነው» ማለት አይቻልም።

ምዕራብ ሰሃራ ከ1963 ጀምሮ ተመድ ራሳቸውን የማያስተዳድሩ ግዛቶች ብሎ ከመዘገባቸው አንዷ ናት። ቅኝ ገዥዋ ስፔን ስትወጣ ሞሮኮ ገባች፤ ጦርነትም ሆነ። በ1991 ሕዝቡ ነፃነትን ወይም ከሞሮኮ ጋር መሆንን የሚመርጥበት ሕዝበ ውሳኔ ይደረጋል ተብሎ ተኩስ ቆመ፤ ሕዝበ ውሳኔው ግን እስካሁን የለም። በ2002 የተመድ የሕግ ኃላፊ የነበሩት ሃንስ ኮሬል ለጸጥታው ምክር ቤት አስተያየት ሰጥተው ነበር። የሕዝቡን ጥቅምና ፍላጎት ወደ ጎን ብሎ ማዕድን መፈለግም ማውጣትም ዓለም አቀፍ ሕግን ይጥሳል ነው ያሉት።

ቡና ነጋዴ፦
ሞሮኮ እኮ እዚያ መንገድም ወደብም ሠርታለች፣ ሰውም ይቀጠራል። ተቀብሮ ቢቀር ማንን ይጠቅማል?

የጅሬኑ፦
ጥያቄህ ተገቢ ነው። ግን ይጠቅማል የሚለውን ማን ይወስን? የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2024 የኅብረቱንና የሞሮኮን የንግድና የዓሣ ስምምነት ውድቅ ያደረገው በዚሁ ነው። የተማከረው አሁን እዚያ የሚኖረው ሰው ነው፤ ከሳህራዊው (ከምዕራብ ሰሃራ ተወላጅ ሕዝብ) ብዙው ግን ከግዛቱ ውጭ፣ አልጄሪያ ቲንዱፍ ያሉ የስደተኛ ካምፖችን ጨምሮ ይኖራል። ፈቃዱን መስጠት ያለበት ያ ሕዝብ ነው። ዝም ስላለ ተስማምቷል ለማለት ደግሞ፣ ከሚወጣው ሀብት ጋር የሚመጣጠንና በተጨባጭ የሚታይ ጥቅም ማግኘት አለበት። ስምምነቱ ይሄን አላሟላም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ የማህበር ሰው ስለሆንክ። በ2017 ከቡክራ ወደ 50 ሺህ ቶን ፎስፌት የጫነች መርከብ ደቡብ አፍሪካ፣ ፖርት ኤልዛቤት ላይ ተያዘች። ጭነቱ ለኒውዚላንድ የገበሬዎች ማህበር የሚሄድ ነበር። በማግስቱ ዓመት የደቡብ አፍሪካ ፍርድ ቤት ጭነቱ የሳህራዊው ነው ብሎ ወሰነ።

የሕርማታ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ። የኒውዚላንዱ ነገር አስደነገጠኝ። እነሱም እንደኛ ገበሬ ናቸው፤ መርከቧ ባትያዝ ሳያውቁ ሊዘሩበት ነበር። እኔ ማዳበሪያ አይምጣ አልልም፣ ያለሱ በቆሎው አይሆንም። ግን ጆንያው ላይ አገሩ ብቻ ሳይሆን ማዕድኑ የወጣበት ቦታ ይጻፍ። በሚቀጥለው የማህበራችን ስብሰባ ይሄን አነሳለሁ። ለግዢ ክፍሉ የሚገባ ደብዳቤ ማርቀቅ የምትችሉ ካላችሁ እዚሁ ጻፉልኝ።

የጅሬኑ፦
እኔ አረቅልሃለሁ።