የጅማ የፊዚክስ ተማሪ ስለ ግራፊን ይሥራ ወይስ ስለ መብራት?

አንዲት የማስተርስ ተማሪ መመረቂያዋን በተደራረበ ግራፊን (የአንድ አተም ውፍረት ባለው የካርቦን ንጣፍ) ሱፐርኮንዳክቲቪቲ ላይ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ያለ ምንም ብክነት በሚያልፍበት ሁኔታ ላይ፣ ልትሠራ መሆኑን ስትናገር የቻት ግሩፑ ለሁለት ተከፈለ።

ቡና ነጋዴው፦ ልጄ፣ በርቺ። ግን አልተዋጠልኝም። መብራት በጠፋ ቁጥር የቡና መፈልፈያው ይቆማል። ግልገል ጊቤ ደግሞ እዚሁ ጎናችን ነው። ስለ እሱ ብታጠኚ አይሻልም?

መምህሩ፦ ጋሼ፣ ይኼም ከመብራት የራቀ አይደለም እኮ። ከግድቡ ከሚወጣው ኃይል የተወሰነው ሽቦ ላይ ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ሱፐርኮንዳክተር ያንን ብክነት ያስቀራል።

ተማሪዋ፦ መምህር፣ ይቅርታ፣ ለጋሼ እንዲህ ያለ ተስፋ አንስጣቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በግራፊን ያዩት ሱፐርኮንዳክቲቪቲ 1.7 ኬልቪን አካባቢ ነው። ከዜሮ በታች 271 ዲግሪ ሴልሺየስ ግድም ማለት ነው። ናሙናውም በዓይን የማይታይ ስስ ነገር ነው። ከዚህ የመብራት ሽቦ አይወጣም።

እኔን የያዘኝ ሌላ ነው። ሁለት ወንፊት ደራርባችሁ አንዱን በትንሹ አዙሩት። ከቀዳዳዎቹ በጣም የሚተልቅ ጥለት ይወጣል። ሁለት የግራፊን ንጣፎችም 1.1 ዲግሪ ገደማ ሲዞሩ እንዲሁ ነው። ያኔ ኤሌክትሮኖቹ ይዘገያሉ፤ እርስ በርስ መገፋፋታቸውም ጎልቶ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1957 የወጣው ቢሲኤስ የተባለው የሱፐርኮንዳክቲቪቲ ንድፈ ሐሳብ እንደሚለው ኤሌክትሮኖች ጥንድ ጥንድ ሲሆኑ ያለ ብክነት ይፈሳሉ፤ ጥንድ የሚያደርጋቸውም የአተሞች ንዝረት ነው። እዚህ ግን ንዝረቱ ነው ወይስ መገፋፋቱ ራሱ? ዓለም ገና እየተከራከረበት ነው። ደግሞ በአንድ ናሙና ላይ ቮልቴጅ እየቀያየሩ ብቻ የኤሌክትሮኑን ብዛት ከፍ ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ቀደም ሲል በተጠኑት ሱፐርኮንዳክተሮች፣ በመዳብ ኦክሳይዶቹ ጊዜ ግን ለየኤሌክትሮኑ መጠን አዲስ ክሪስታል መሥራት ግድ ነበር።

የላብራቶሪ ባለሙያው፦ ሁሉም ጥሩ። ግን እህቴ፣ ያንን ቅዝቃዜ ከየት ልታመጪው ነው? ማቀዝቀዣው ብቻ ስንት ብር ይፈጃል!

ተማሪዋ፦ ሙከራ አልሠራም፣ ስሌት ነው። የፊዚክስ ተመራማሪዎቹ ቢስትሪትዘርና ማክዶናልድ ኤሌክትሮኖቹ በዚያ ማዕዘን እንደሚዘገዩ እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳዩት በስሌት ነው። ሱፐርኮንዳክቲቪቲው በሙከራ የታየው ከ7 ዓመት በኋላ ነው። የእነሱ ሞዴል ተራ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል። ታዲያ ጅማ ቁጭ ብሎ ይህን መሥራት ምኑ ላይ ነው ቅንጦት የሚሆነው?

መምህሩ፦ ልክ ነሽ። የሽቦውን ነገር ከዚህ ጋር ማያያዝ አልነበረብኝም።

ቡና ነጋዴው፦ እውነቱን ስለነገርሽኝ ደስ ብሎኛል። መብራት ያመጣል ብላችሁ ብትሸነግሉኝ ነበር የምናደደው። አንቺ ሥሪ። እኔ የምቃወመው ሁሉም ተማሪ ወደዚያ ከሄደ ነው። መምህር፣ አንድ ሁለቱን እንኳ ከመፈልፈያዎቹ ጋር ያገናኙልን። ሞተሩ ለምን ቶሎ ቶሎ እንደሚቃጠል የሚነግረን ሰው አጥተናል።

መምህሩ፦ እሱን ከኤሌክትሪካል ልጆች ጋር እናደርገዋለን ጋሼ። ማሽኑ ያለበትን ቦታ በውስጥ መስመር ይላኩልኝ።